ጭዱ ስንት፣ ፉርሽካው ስንት? ከአዳማ ከብት አድላቢዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ መኖ የማይታጣበት ከተማ ነው። ከዱቄት ፋብሪካዎቹ ፉርሽካ ይወጣል፤ ወንጂ ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚተርፈው ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) እና የአገዳ ጫፍ አለ፤ ዙሪያውን ጤፍ፣ በቆሎና ቦሎቄ ይታረሳል። ሆኖም ሰንጋውን ሸጦ ሂሳቡን ሲተሳሰብ «ለመኖ ነጋዴ ነው የሠራሁት» የሚል አድላቢ ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው ጓሯቸው ውስጥ ከሁለት እስከ አሥር ከብት ከሚያደልቡ ሰዎች የሚመጡ ናቸው። የተጠቀሱት ዋጋዎች ለስሌት ማሳያ ናቸው፤ በእነሱ ቦታ የራስዎን የገበያ ዋጋ ያስገቡ።

ከጭድና ከድብልቅ መኖ የሚያደልበው የትኛው ነው?

አንዱ ያለ ሌላው አያደልብም። ድብልቅ ስንል ፉርሽካ፣ ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው)፣ የተፈጨ በቆሎና የመሳሰለው ተመጥኖ የተቀላቀለበትን ነው። ጭድ ስንል ደግሞ የጤፍና የስንዴ ጭድ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ድርቆሽ፣ ሳር ሁሉንም ይጨምራል።

ጭድን ወደ ጉልበት የሚለውጡት በከብቱ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ለዚህ ሥራ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። ከብቱ በቀን ከሚበላው ጠቅላላ መኖ ውስጥ ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይዳከማሉ። ጭዱ ሳይብላላ ጨጓራ ውስጥ ይከርማል፤ ከብቱም ሆዱ ሞልቶ ስለሚሰማው መብላት ያቆማል። የጤፍ ጭድ ፕሮቲን ከ4 እስከ 6 በመቶ ነው፤ የስንዴ ጭድ ከዚያም ያንሳል። ሆዱ ተወጥሮ ጎድኑ የሚቆጠር በሬ አይተው ካወቁ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ኪሎ ፋጉሎ ከራሱ አልፎ ጭዱንም ያስበላል፤ ዋጋውን በደንብ ይመልሳል። አራተኛው፣ አምስተኛው ኪሎ ድብልቅ ግን እንደ መጀመሪያው አይመልስም። የአድላቢው ጥበብ የትኛው ኪሎ ላይ እንደሚያቆም ማወቅ ነው።

ለአንድ ወይፈን በቀን ስንት ኪሎ ልስጥ?

ከብት በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ደረቅ የሚባለው ውሃው ሲወጣ የሚቀረው ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ወይፈን እንያዝ፦ ወደ 6 ኪሎ ተኩል ደረቅ መኖ ይበላል። ጥሩ መነሻ የሚሆነው 3 ኪሎ ተኩል ድብልቅና 3 ኪሎ ተኩል የጤፍ ጭድ ነው፤ ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። ድብልቁ 18 በመቶ ያህል ፕሮቲን ካለው የቀኑ ምግብ በአጠቃላይ 12 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ጤነኛ ወይፈን በዚህ አመጋገብ በቀን ከ600 እስከ 800 ግራም ይጨምራል።

በባልዲ የምትሰፍሩ ሰዎች አንድ ነገር አስተውሉ። አንድ ባልዲ ፉርሽካ የሚመዝነው ከአንድ ባልዲ የበቆሎ ዱቄት ግማሽ በታች ነው። ያው ባልዲ፣ ያው ሰው፣ ያው ሰዓት ሆኖ መኖው ሲቀየር ከብቱ የሚያገኘው እጥፍ ሊሆን ይችላል። አዲስ መኖ በገባ ቁጥር አንድ ባልዲ በሚዛን አስመዝነው ውስጡ ላይ በቀለም መስመር ያስምሩበት።

ድብልቁን ራሴ ማዘጋጀት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ አካፋና ንጹሕ ወለል ይበቃል። ለአንድ ኩንታል የሚሆን አንድ አማራጭ፦ ፉርሽካ 50 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 25 ኪሎ፣ የተፈጨ በቆሎ 22 ኪሎ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 2 ኪሎ፣ ጨው 1 ኪሎ። ፕሮቲኑ 18 በመቶ አካባቢ ይመጣል።

ኖራ ሲባል መኖ ቤት የሚሸጠው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለው ኖራ አይደለም። ጨውና ኖራውን መጀመሪያ ከአምስት ኪሎ ፉርሽካ ጋር ብቻ አዋሕደው ከዚያ ወደ ክምሩ ያስገቡት፤ እንዲያ ካልሆነ አንዱ ከብት ጨው ብቻ ይደርሰዋል።

በቆሎ ሲወደድ መቀነስ ይቻላል። ፋጉሎ ሲወደድ ግን «ፉርሽካ እጨምራለሁ» ብለው ሙሉ በሙሉ አያውጡት፤ ፉርሽካ ከ15 እስከ 18 በመቶ፣ የኑግ ፋጉሎ ደግሞ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ስላለው ልዩነቱ በፉርሽካ አይሞላም። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጥሩ ምትክ ነው፤ ለጥጃ ግን አይስጡት፣ ጎሲፖል የሚባል መርዛማ ነገር አለው። የአዋቂ ከብት ጨጓራ ይቋቋመዋል።

ድብልቁን ባበዛሁ ቁጥር ቶሎ አይደልብም? ቶሎ ቢሸጥ ደግሞ ወጪ ይቀንሳል አይደል?

ይህ ጥያቄ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ልክ የማይሆንበትም ጊዜ አለ። የሚለየው ዋጋው ስለሆነ በቁጥር እንየው።

ድብልቁ በኪሎ 30 ብር፣ ጭዱ በኪሎ 10 ብር ነው እንበል። ያው 250 ኪሎ ወይፈን ነው።

ጭድ ብቻ፣ 5 ኪሎ ተኩል፦ የቀን ወጪ 55 ብር። ጭማሪ የለም፤ ምናልባትም ይከሳል። ርካሽ መስሎ የሚታየው ይህ መንገድ ከሁሉም የከፋው ነው፣ 55 ብሩ በየቀኑ ይጠፋል።

2 ኪሎ ድብልቅና 4 ኪሎ ተኩል ጭድ፦ ወጪ 105 ብር፣ ጭማሪ 400 ግራም ያህል። አንድ ኪሎ ሥጋ ለመጨመር 262 ብር ወጣ።

3 ኪሎ ተኩል ድብልቅና 3 ኪሎ ተኩል ጭድ፦ ወጪ 140 ብር፣ ጭማሪ 750 ግራም ያህል። አንድ ኪሎ ጭማሪ 187 ብር።

5 ኪሎ ተኩል ድብልቅና 1 ኪሎ ተኩል ጭድ፦ ወጪ 180 ብር፣ ጭማሪ 900 ግራም ያህል። አንድ ኪሎ ጭማሪ 200 ብር።

በዚህ ዋጋ የሚያዋጣው ሦስተኛው ነው። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ሲሄዱ የጨመሩት 40 ብር የሰጠዎት 150 ግራም ብቻ ነው፤ ያ 150 ግራም በኪሎ ሲሰላ 267 ብር ፈጀ። በቁም ያለ ከብት ገበያው ላይ በኪሎ ከዚያ በታች የሚሸጥ ከሆነ በየቀኑ እየከሰሩ ነው ማለት ነው፣ ከብቱ ግን ያምርብዎታል።

አሁን ያው ድብልቅ በሆነ ምክንያት በኪሎ 15 ብር አገኙት እንበል። ሦስተኛው አመጋገብ በኪሎ ጭማሪ 117 ብር፣ አራተኛው 108 ብር ይሆናል። ነገሩ ተገለበጠ። ስለዚህ «በመቶ ስንት ጭድ ነው ትክክለኛው?» ለሚለው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ መልስ የለም። ፉርሽካ ሲረክስ ወደ ድብልቁ፣ ሲወደድ ወደ ጭዱ እያሉ ነው የሚሄዱት። የጭድ ድርሻ ከአንድ አምስተኛ በታች እንዲወርድ ግን ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢያማልል አልመክርም፤ ጨጓራው አይችልም።

ቶሎ ስለመሸጥ የተነሣው ሐሳብም መሠረት አለው። ለጠባቂ የሚከፍሉ፣ ቦታ ተከራይተው የሚያደልቡ ወይም በብድር የገዙ ከሆነ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ወጪ አለው። ያንን የቀን ወጪ ከመኖው ላይ ደምረው ስሌቱን ይድገሙት። ብዙ ጊዜ ውጤቱ ወደ ድብልቁ ትንሽ ያዘነብላል። ጓሮው የራስዎ፣ ጉልበቱም የቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ጭድ ማብዛቱ ይሻላል።

ፉርሽካ ብቻ ባበላስ? ጎረቤቴ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ከጭድ ጋር ፉርሽካ ብቻ ሰጥቶ የሚያደልብ አለ፤ ከብቱም ይጨምራል። ችግሩ ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ መሆኑ ነው። ይህ ሲዛባ ወንዱ ከብት ሽንት ቧንቧው ውስጥ ድንጋይ ይሠራል፤ ሽንቱ ይያዛል። ከብቱ ጅራቱን እያወዛወዘ፣ እያማጠ፣ ጠብታ ብቻ ካወጣ ሐኪም ይጥሩ። የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ፣ ጨውና በቂ ውሃ የሚያስፈልጉት ለዚህ ጭምር ነው።

ዛሬ ከገበያ ያመጣሁትን በሬ በስንተኛው ቀን ነው ሙሉ ድብልቅ የምሰጠው?

ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ትዕግሥት ይኑርዎ።

በጭድና በግጦሽ የኖረ ከብት ጨጓራው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ጭድ የለመዱ ናቸው። በድንገት በቆሎ ሲፈስባቸው አሲድ የሚያመርቱት ዓይነቶች ይበዛሉ፣ ጨጓራው ይኮመጥጣል፣ ማመስኳቱ ይቆማል። ቀለል ያለው ሲሆን መኖ ይጠላል፣ እበቱ ቀጥኖ አረፋና ያልተፈጨ እህል ይታይበታል። ከባዱ ይገድላል። የተረፈውም ሰኮናው ታሞ ወራት ሙሉ ሲያነክስ ይኖራል፣ የበላውም ሥጋ አይሆንለትም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ድርቆሽ ወይም ጭድና ንጹሕ ውሃ ብቻ ይስጡት፤ ከመንገድ ይረፍ። ከዚያ በቀን ግማሽ ኪሎ ድብልቅ ጀምረው በየሁለት ሦስት ቀኑ ግማሽ ኪሎ ይጨምሩ። ሁልጊዜ ጭድ ቀድሞ፣ ድብልቁ ተከትሎ፤ የቀኑንም ድብልቅ ለሁለት ከፍለው ጠዋትና ማታ። የአዳማ ከሰዓት በኋላ ሙቀት የከብቱን የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ትልቁን ድርሻ ማታ ቢሰጡ ይበላዋል።

እበቱን በየጠዋቱ ይዩት። ተቆልሎ መሐሉ ጎድጎድ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ሾርባ ከፈሰሰ ድብልቁን ይቀንሱ፤ እንደ ፈረስ ፋንድያ ከደረቀ ፕሮቲን ወይም ውሃ አንሶታል።

በዚሁ የማላመጃ ጊዜ የትል መድኃኒትና የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባ ክትባት በእንስሳት ሐኪም ይጨርሱ። ትል ላለበት ከብት ድብልቅ መስጠት ትልን ማደለብ ነው።

ዩሪያ ለከብት ይሰጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ማዳበሪያ አይደለም እንዴ?

አዎ፣ ያው ማዳበሪያው ዩሪያ ነው፤ በትክክል ከተያዘ ከርካሹ የፕሮቲን ምንጭ አንዱ ነው፣ በስህተት ከተያዘ ደግሞ በአንድ ሰዓት በረት ባዶ ያደርጋል። (ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ግን ሌላ ነው፣ በምንም መንገድ አይበላም።) የጨጓራው ተሕዋስያን ከዩሪያ ናይትሮጅን ወስደው ራሳቸው ፕሮቲን ይሠራሉ። በወረቀት ላይ 1 ኪሎ ዩሪያ 2.8 ኪሎ ፕሮቲን ያህል ስለሚቆጠር ከ9 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ጋር ይተካከላል። በተግባር ያን ያህል አይደርስም፤ ተሕዋስያኑ አብሮ የሚሄድ ጉልበት፣ ማለትም ሞላሰስ ወይም በቆሎ ይፈልጋሉ።

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ጭዱን ማከም ነው፣ እኔም የምመርጠው ይህንን ነው። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ50 እስከ 80 ሊትር ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ጭዱን በስስ እየነሰነሱ ውሃውን በማጠጫ ያርከፈክፉበታል፣ ይረግጡታል፣ እንደገና ይነሰንሳሉ። ፕላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ ወይም ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አየር እንዳይገባ ታሽጎ ለ3 ሳምንት ይቆያል። ሲከፈት አሞኒያው ዓይን ያስለቅሳል፤ የዕለቱን አውጥተው አንድ ሌሊት ካናፈሱ በኋላ ይስጡ። ጭዱ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ፕሮቲኑም እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ከብቱ መጀመሪያ ቢያንጓልል በጥቂቱ ካልታከመው ጋር ቀላቅለው ያለማምዱት።

ሁለተኛው ከድብልቁ ጋር መቀላቀል ነው። ከኩንታል ድብልቅ ከ1 ኪሎ አይለፉ፤ ጓል የሌለበት ተፈጭቶ፣ በደንብ ተዋሕዶ፣ ቀስ በቀስ ተለማምዶ። ውሃ ውስጥ አሟሙተው አያጠጡ። ለተራበ ከብትና ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይስጡ። ጥሬ አኩሪ አተር ካለበት መኖ ጋር አይቀላቅሉ፤ አኩሪ አተሩ ዩሪያውን በፍጥነት ወደ አሞኒያ ይሰብረዋል። ሆዱ ከተነፋ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ለሐጩ ከበዛና ከተንገዳገደ መርዝ ሆኖበታልና ሐኪም እስኪደርስ አይጠብቁ፤ በርከት ያለ አቼቶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ያጠጡት፣ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቀስ ብለው።

ከወንጂ ሞላሰስ በቅርብ አገኛለሁ። ምን ያህል ልጠቀም?

ከቀኑ መኖ ከ10 እስከ 15 በመቶ ድረስ። ሞላሰስ ጉልበት እንጂ ፕሮቲን አይደለም፤ ከፋጉሎ ጋር ነው የሚሄደው። ትልቁ ጥቅሙ ጭድ ማስበላቱ ነው። ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ውሃ ጨምረው ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ በተከተፈ ጭድ ላይ ሲረጩት ገንዳው ውስጥ የሚቀረው ጭድ በጣም ይቀንሳል፣ የድብልቁም ብናኝ ይያዛል። ያለ በቂ ጭድ ሞላሰስ ያበዙበት ከብት እንደሰከረ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑም ሊጠፋ ይችላል። በርሜሉን ክፍት አይተዉት፤ ንብና ዝንብ ይወርሰዋል።

የአገዳ ጫፉም መልካም ነው፤ ጥማትና ረሃብ ያስታግሳል። ፕሮቲኑ ከጭድ ብዙም ስለማይሻል ግን «አረንጓዴ ነው» ብለው ፋጉሎውን አይቀንሱ።

የቢራ አተላ ርካሽ ነው። ያዋጣል?

በእርጥቡ ኪሎ አይገምቱት። እርጥብ የቢራ አተላ ውስጥ ደረቁ ክፍል ከሩብ አይበልጥም፣ ቀሪው ውሃ ነው። በኪሎ 6 ብር ከተሸጠልዎ ደረቁ በኪሎ 24 ወይም 25 ብር ገዙት ማለት ነው፤ የመኪናው ኪራይ ደግሞ በላዩ ላይ አለ። የደረቁ ክፍል ፕሮቲን 25 በመቶ አካባቢ ስለሆነ በዚህ ዋጋ ከፉርሽካ ይሻላል። መኪናው ከሩቅ ከመጣ ግን ውሃ ነው የጫኑት። በአዳማ ሙቀት ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ሻጋታ የታየበትን ይጣሉት። የጠላና የአረቄ አተላም ደንቡ ያው ነው፣ መጠኑ ከቤት ቤት ስለሚለያይ በልክ ይስጡ።

ጭድ መቼ ልግዛ?

አውድማው ሲያበቃ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። ሰኔና ሐምሌ ላይ የሚገዛ ሰው ከሌላው አድላቢ ጋር እየተጋፋ ነው የሚገዛው። ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ ይከምሩ።

የቦሎቄ ገለባ የሚሸጥ ካገኙ አይለፉት። ከጤፍ ጭድ የተሻለ ፕሮቲን አለው፣ ለከብትም ይጥማል፤ በስምጥ ሸለቆው ማሳዎች ላይ ሲቃጠል ማየት ያናድዳል። የበቆሎ አገዳ ርካሽ ነው፤ ሳይከተፍ ከተሰጠ ግን ቅጠሉን በልተው ግንዱን ይረግጡታል።

ፋጉሎና ፉርሽካ ስገዛ እንዳልታለል ምን ልይ?

ፉርሽካ ውስጥ ሰጋቱራ፣ ፋጉሎ ውስጥ አሸዋ የሚጨምር ነጋዴ አለ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ እፍኝ ጨምረው አማስለው ያሳርፉት፤ አሸዋው ከታች ይቀመጣል፣ የእንጨቱ ብናኝ ላይ ይንሳፈፋል። እጅዎን ጆንያው መሐል ድረስ ያስገቡ፦ ሙቀት ወይም እርጥበት ካለ እየሻገተ ነው። የኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ በመያዝ በአገራችን በጥናት ተለይቶ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ጥቁር ሻጋታ፣ የጎመዘዘ ሽታ ወይም አንድ ላይ የተጋገረ ጓል ያለበትን በግማሽ ዋጋ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ።

ሳር ዘርቼ መኖ መግዛት ላቁም?

አዋሽ ዳር መስኖ ካለዎት የዝሆን ሳርና አልፋልፋ ድብልቁን በእጅጉ ይቀንሱልዎታል። ልምላሜውና ቁመቱ አያታልልዎት ግን፦ 30 ኪሎ እርጥብ ሳር ደረቁ 6 ኪሎ ነው። አልፋልፋ ጤዛ ሳለበት ለተራበ ከብት ከተሰጠ ሆድ ይነፋል።

የዶሮ ኩስ ይበላል ይባላል፤ እውነት ነው?

ናይትሮጅን አለው፣ የሚያበሉም አሉ። እኔ አልመክርም። በውስጡ የሞተ ጫጩት ካለ ቦቱሊዝም ያመጣል፣ ከብቱም ሽባ ሆኖ ይሞታል። የዶሮ መድኃኒት ቅሪትም አብሮ ይገባል። የሆቴል ትርፍራፊ እንጀራና ዳቦም ብዙ ሲሰጥ እንደ በቆሎ አሲድ ያመጣል፤ ፌስታሉንም አብረው ይውጡታል።

ውሃ ምን ያህል ያስፈልጋል?

በሙቀቱ ጊዜ ለአንድ ከብት ከ30 እስከ 50 ሊትር። ውሃ ያነሰው ከብት መኖም ይቀንሳል። የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ጥርስና አጥንት ላይ በዓመታት የሚጠራቀም ስለሆነ ለሦስት ወር ድልብ ዋና ሥጋት አይደለም፤ ለላምና ለጥጃ ግን ይታሰብበት።

ሚዛን የለኝም። መጨመሩን በምን አውቃለሁ?

በልብስ ሰፊ ሜትር። ከሻኛው ኋላ፣ ከፊት እግሮቹ በስተጀርባ ደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ይለኩ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ርዝመቱን። ዙሪያውን በራሱ አባዝተው፣ በርዝመቱ አባዝተው፣ ለ10,840 ያካፍሉ። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 125 የሆነ ወይፈን 259 ኪሎ ይመጣል። ለሻኛማ ከብት ቁጥሩ ትንሽ ሊስት ይችላል፤ እኛ የምንፈልገው ለውጡን ስለሆነ ያው ሰው፣ ጠዋት ሳይበላ፣ በየሁለት ሳምንቱ ይለካው፣ ደብተር ላይም ይጻፍ።

ይህ ደብተር ነው የሚሸጡበትን ቀን የሚነግርዎት። ከስቶ የመጣ ከብት በመጀመሪያው ወርና ወር ተኩል በፍጥነት ያገግማል፤ ከዚያ ጭማሪው ይቀንሳል፣ የሚጨምረውም እየቀጠለ ጮማ ይሆናል፤ ጮማ ደግሞ ከቀይ ሥጋ ይልቅ ብዙ መኖ ይበላል። የሁለት ሳምንቱ የመኖ ወጪ ለጭማሪው ኪሎ ሲካፈል ከገበያው የቁም ዋጋ ካለፈ ያቁሙ። ብዙውን ጊዜ ይህ 90 ቀን አካባቢ ነው።

ለፋሲካ ለማድረስ መቼ ልጀምር?

ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ ላይ ስለሚውል፣ ጥር መጀመሪያ እስከ አጋማሽ። በሁዳዴው 55 ቀን ሥጋ ቤቶች ሲቀዘቅዙ ከብት ይረክሳል፤ ያን ጊዜ መሸጥ ሳይሆን መመገብ ነው። ለገና ከመስከረም መጨረሻ፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ከሰኔ። የዓረፋ በዓል በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የዓምናውን ቀን አይያዙ። ለሰኔው ድልብ ጭዱን ጥር ላይ ካልገዙ ትርፉን ለጭድ ነጋዴ ሰጡ።

የቦረና ኮርማና የእርሻ በሬ አመጋገባቸው አንድ ነው?

አይደለም። ወደ ውጭ የሚላከው በአብዛኛው ያልተኮላሸ ወጣት የቦረና ኮርማ ነው፤ ገዢው ጮማ አይፈልግም። እሱ ሥጋ እየሠራ ስለሆነ ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ከ13 እስከ 14 በመቶ ቢሆን ይጠቅመዋል፣ ፋጉሎው ያስፈልገዋል። ከእርሻ የወጣ ትልቅ በሬ አጥንቱም ሥጋውም ሠርቷል፤ የሚጨምረው በአብዛኛው ጮማ ነው፣ ለቅርጫና ለሥጋ ቤት ደግሞ ይኸው ይፈለጋል። ለእሱ ከ10 እስከ 11 በመቶ ፕሮቲን ይበቃዋል፤ ውድ ፋጉሎ ቀንሰው ሞላሰስና በቆሎ ቢጨምሩ ነው የሚያዋጣዎት። የበሬውን ጥርስ ሳያዩ ግን አይግዙ፤ ጥርሱ ያለቀ በሬ ጭዱን አያላምጥም፣ ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል።

ልሸጠው ሁለት ቀን ሲቀረው ምን ላድርግ? ጨው አብልቼ ውሃ ላጠጣው?

ተዉት። የአዳማ ደላላ የውሃ ሆድን ከሩቅ ያውቃል፣ ዋጋውንም ከዚያ ይቀንሳል። ወደ ሞጆ ወይም ወደ ሌላ ቄራ የሚጫን ከሆነ ደግሞ መኪና ላይ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ይቆሽሻል፣ ይከሳል። በመጨረሻው ቀን ድብልቁን በግማሽ ቀንሰው ድርቆሽ ያብዙለት፣ ውሃውን እንደልቡ ይጠጣ፤ ሲነጋጋ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይጫን።